ለዘንዶው ድንጋይ የተሸከመችው ልጃችን

ይድረስ ለባለቤቴ ለአንጓች፣

በደብዳቤ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን አንቺን እንደምን ከረምሽ ብልሽ ባለሽበት ሆነሽ መሳቅሽ አይቀርም፤ ይኼ ሰውዬ ዛሬም አልበሰለም ትያለሽ። ስለዚህ የራሴን ልንገርሽ። ጉልበቴን ያመኛል። ግራ ዓይኔ ዳምኖበታል። ጥርሴ ሁለት ጎድሏል። ምላሴ ግን እንደምታውቂው ነው፣ ምንም አልጎደለባት። ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ያልጻፍሁልሽ ፊደል ጠፍቶኝ እንዳይመስልሽ። ዳዊት የደገምሁ ሰው ነኝ። ያልጻፍሁት አፍሬ ነው። ምን እንዳሳፈረኝ እዚሁ ወረቀት ላይ እነግርሻለሁ፤ ብቻ አታጣድፊኝ፣ በገዛ መንገዴ ልምጣበት።

የቤታችንን ወሬ ላስቀድም። ጥቋራዋ ላም ሁለት ጊዜ ወልዳለች፣ ሁለቱም ጊደር፤ አንዷ እንዳንቺ ግትር ናት፣ ካልፈለገች በጅራፍም አትነቃነቅም። ከደጃችን የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል፤ ውኃ ይመጥጣል ብላ ያስቆረጠችው ልጅሽ ናት። መንደሩ በየጣሪያው ሶላር ሰቅሏል። ከቡሬ ባጃጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይመጣል፣ ጭቃ ካልሆነ። የጓሮ ጌሾሽን ውኃ ሳላጠጣው እየቀረሁ ሁለቱ እግር ደርቆብኛል፤ ሦስቱ ግን አለ። ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔው ልናገር ብዬ ነው።

ልጃችን ባንቺአምላክ ፍኖተ ሰላም ሥራ ይዛለች። የውኃ ባለሙያ ተብላ ምንጭ ትለካለች። ውኃ በምን ይለካል ብትይኝ፣ በባልዲ ነው! ባልዲውን ከምንጩ አፍ ታደርግና እስኪሞላ ድረስ ትቆጥራለች። ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርሽው፣ እኔም እኮ እስከ መቶ መቁጠር አያቅተኝም ብዬ በሰው ፊት ስቄባታለሁ። እሷም እንዳንቺ ዝም ብላ አየችኝና ባልዲዋን አጥባ ሄደች። ያ ሳቅ በኋላ እንዴት እንደመረረኝ ትሰሚያለሽ።

እኔ ያው አዳኝ ነኝ። ነኝ ልበል እንጂ ማን ጠርቶኝ! ከተማ ያሉት ጭራቅና ዘንዶ ተረት ነው ይላሉ፤ ወይፈኑ ከነደወሉ የተዋጠበት ሰው ግን ተረት አይለውም፣ ደጄን ይመታል እንጂ። ሽንዲ ቆላ ወርጄ ያን ሰው በላ ጭራቅ የጣልሁ ጊዜ ታስታውሻለሽ? አዲስ ሙሽራ ነበርሽ። ሴቱ እልል አለ፣ አናቴን ቅቤ ቀቡኝ፣ ቅቤው ዓይኔ ገብቶ ሲያቃጥለኝ ጀግና ነውና አያለቅስም ብለሽ በነጠላሽ ጠረግሽልኝ። ከዚያ በኋላ፣ አንዱን እዚያው ሽንዲ፣ ስድስት ዘንዶ ገድያለሁ። ጥይት በዘንዶ ቆዳ ላይ ይንሸራተታል፤ ሁሉንም በጦር ነው የገደልሁት። ስድስቱንም ጊዜ ቅቤ ተቀብቻለሁ።

እና ምን ሆነ? ዘንዶው በሞተ በዓመት በሁለት ዓመቱ ያ ቀበሌ ምንጩ ይነጥፋል። ስድስቱም ጋ እንደዚያው። ቅቤ የቀባኝ ሰው ገበያ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞር ጀመር። ሊበን ገበያ ላይ አንዱ ሰላምታዬን ሳይመልስ በሬውን እየነዳ አለፈኝ፤ በሬውን ከዘንዶ አፍ ያወጣሁለት ሰውዬ ነው እኮ! ዝናብ እኔ ነኝ እንዴ የማዘንበው? አይ ሰው! እንዲህ እያልሁ መርሬ መርሬ፣ ሰርግ ጠርተውኝ አልሄድ፣ ማኅበር ጠርተውኝ አልሄድ፣ የክርስትናውንም የልቅሶውንም መንገድ ረሳሁት። አንቺ አንድ ቀን፣ በእናንተ በአገው አገር ምንጭ ባለቤት አለው እንደሚባልና እነዚህ ፍጥረቶች ውኃውን ይዘውት ሊሆን እንደሚችል ነገርሽኝ። በዚህ ተቆጥቼ ሦስት ቀን አላናገርሁሽም። አንቺም ሦስቱን ቀን አንቱ ስትይኝ ሰነበትሽ። ስትናደጂብኝ ብቻ እንደምታከብሪኝ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ነገር ልምጣ።

ሰባተኛው ዘንዶ የእኛው ነበር፣ ከመንደራችን በላይ ያለው የጥቁር ውኃ ምንጭ ዘንዶ። ሦስት ጥማድ በሬ ተከታትሎ ቢቆም ያንን ያህላል። በዓመት አንድ ሁለት በግ ይወስዳል እንጂ ሰው ነክቶ አያውቅም፤ ግን የኔ ደጅ ላይ ሆኖ እንዴት ይኖራል ብዬ ዓይኔን ጣልሁበት። አንቺ በተለየሽኝ በዚያ የካቲት ወደ ፈታም ወንዝ ገደል ሲወርድ ተከተልሁት። ሦስት ቀን ገደል ውስጥ ከረምሁ። አንቺ በማግስቱ ታመምሽ። ጎረቤት በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸክሞሽ፣ ከዚያ በመኪና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረሱሽ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አለፍሽ። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ እጄን ከገደሉ ስወጣ ለቅሶ ሰማሁ። ማን ሞተ ብዬ የጠየቅሁ እኔ ነኝ፣ አንጓች። ጎረቤቶቼን፣ ማን ሞተ ብዬ ጠየቅሁ።

ከቀብርሽ መልስ በሕዝብ ፊት ማልሁ። ዘንዶው ደመኛዬ ነው፣ የአንጓችን ደም ሳልመልስ ጠጉሬን አልላጭም፣ ተዝካሯንም አላወጣም አልሁ። ቄስ ደመላሽ ክንዴን ይዘው፣ በሕመም የሞተ ሰው ደመኛ የለውም ልጄ፣ ነፍሷን በደም አታስራት ብለው ለመኑኝ። ስማቸው ደመላሽ ሆኖ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደም ሲያደርቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አልሰማኋቸውም። አርባሽ አለፈ፣ ሰማንያሽ አለፈ፣ ሙት ዓመትሽ አንዴም ሁለቴም አለፈ። ደሀ አላበላሁልሽም፣ ፍትሐት አላስፈታሁልሽም። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለ ዘመድሽ ሁሉ፣ አንጓች እንደ ውሻ ተቀብራ ቀረች እያለ ሲያማኝ ጠጉሬ ትከሻዬን መታ።

ያፈርሁት ይኼንን ነው። ዘንዶው ጫፍሽን አልነካም። አውቀው ነበር እኮ! ደመኛ ያስፈለገኝ እኔ ነኝ። እሱን ካልጠላሁ የምጠላው ሰው ራሴ ስለነበርሁ ነው። በቃ፣ አልሁት።

ባለፈው የካቲት፣ ሦስተኛ ዓመትሽ በሞላበት ሳምንት፣ ከምንጩ አፍ አድፍጬ ዘንዶውን ወጋሁት። ጦሩ ከእንጨቱ፣ ከሶማያው፣ ተሰበረና ብረቱ ጎኑ ውስጥ ቀረ። እየተጎተተ ምንጩ የሚወጣበት ዋሻ ገብቶ ተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃው ይቀንስ ጀመር። መጋቢት ላይ ዝገት ዝገት አለ፤ ቀይ ሆነ። ሽንኩርቱና ድንቹ ከነማሳው ጠወለገ፣ ሴቱ ጀሪካኑን አዝሎ ፈታም ወንዝ ድረስ መውረድ ጀመረ። ባንቺአምላክ ባልዲዋን ይዛ መጣች። ድሮ ዐሥር ሳትቆጥር ይሞላ የነበረው መቶ ሃምሳ ቆጥራም አልሞላላትም። ወደ ቤት ገብታ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እሱ ሲሞት ምንጩም አብሮ እንደሚሞት፣ ስድስቱ ቀበሌ ምን እንደሆነ እኔ ከማንም በላይ እንደማውቅ በእርጋታ አስረዳችኝ። እኔ ምን አልሁ? ይሙታ! ውኃውም ይድረቅ፣ አገሩም ይድረቅ፣ እኔስ ደርቄ የለም ወይ አልኋት። ቡሬ ቀጥቃጭ ዘንድ አዲስ ጦር አሠርቼ ነበር። ዘንዶው በደከመ ሰዓት፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ልጨርሰው ቀን ቆረጥሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅሽም።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቄስ ደመላሽ መስቀላቸውን ይዘው አራት ሽማግሌ አስከትለው ደጄ ቆሙ። ለእርቅ መጣን አሉ። ከማን ጋር ብላቸው፣ ከደመኛህ ጋር አሉኝ። ሳቄ መጣ። ዘንዶ ይታረቃል? እሳቸው ግን ፍርጥም ብለው፣ በሕዝብ ፊት ደመኛዬ ነው ብለህ የማልህ አንተ ነህ፣ ደመኛ ከሆነ ደግሞ ደሙ በወጉ ይደርቃል አሉ። በገዛ መሐላዬ ያዙኝ! ታውቂያለሽ፣ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ካልወደቀ እርቅ አይጀመርም። ለካ ሳምንቱን ሙሉ የተጨቃጨቁት በዚህ ነው። ድንጋዩን የተሸከመ ሰው የዘንዶ ዘመድ ነኝ ማለቱ ነው፤ ነገ ልጁን ሲድር ሰባት ቤት ሲቆጠር ዘንዶ እንዲገኝበት ማን ይወዳል? አንዱ ለአንዱ ሲገፋ ሰንብተው ሁሉም እምቢ ብለዋል። ታዲያ ወገን የሌለውን ምን ልታስታርቁ መጣችሁ ብዬ ልጮህባቸው አፌን ስከፍት፣ ከኋላቸው ጎንበስ ያለች ሴት አየሁ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላዋለች፣ ማጅራቷ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ቋጥኝ ተሸክማለች። መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች።

ባንቺአምላክ ናት።

ደም ያለብኝ ወገን እኔ ነኝ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ አለችኝ። ልጄ፣ የአንቺ ልጅ፣ የዘንዶ ዘመድ ሆና! አንጉዬ፣ ያን ቀን የተናገርሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። እናትሽን ሸጥሻት አልኋት፤ እሱ ብቻ ይበቃሻል። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼያት መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ተበዳይ ጀርባውን ከሰጠ ድንጋይ የተሸከመው እንደተንበረከከ ይቆያል፤ ወጉ ነው። ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ጫፍ ተነሥታ አናታችን ላይ ደረሰች። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ከጀርባዬ እሰማለሁ። እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ ድንጋዩን በዓይኔ መዝኜዋለሁ። ተነሥቼ እንዳላወርድላት እልሄ ያዘኝ፣ እንዳልቀመጥ ሆዴ አላስችል አለኝ።

ያን ጊዜ ነው በቀስታ የተናገረችው። ለሽማግሌዎቹ አይደለም፣ ለኔ ብቻ። ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ ጎረቤቶቹ ሰው ገደል እንላክ ሲሉ የከለከልሽ አንቺ ነሽ አለች። አትጥሩት፣ ሰምቶ ከሮጠ ገደሉ ይበላዋል፣ ሥራውን ጨርሶ በእግሩ ይምጣ ብለሻል። ካልደረሰልኝም ቅር እንዳይለው፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ስጠብቀው ኖሬ መጠበቅን አውቅበታለሁ፣ እዚያም ሆኜ እጠብቀዋለሁ በዪልኝ ብለሻል። ልጂቱ ይህን ቃል ሦስት ዓመት በሆዷ ይዛው ኖራለች። ለምን ደበቅሽኝ እንዳልላት መልሱን አውቀዋለሁ፤ ስምሽን ባነሣች ቁጥር እኔ ጦሬን አነሣለሁ፣ መቼ ትንገረኝ?

ዞርሁ። ድንጋዩን ከማጅራቷ ላይ አነሣሁት። ቆዳዋ ተልጦ ነበር። ይቅር ለእግዚአብሔር አልሁ። አልሁ ልበል እንጂ ግማሹ ለቅሶ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁልሽ። ያን ሁሉ ጊዜ ስፎክር እንጂ ሳለቅስ አልነበረም ለካ። ቄስ ደመላሽ መስቀሉን አሳልመው አስማሉኝና የደም ነገር በዚህ ያለቀ ሲመስለኝ፣ ቆይ አሉ። የአንተ ጦር በእሱ ጎን ውስጥ አለ፣ ስለዚህ አንተም ደም አለብህ፣ ሄደህ ታወጣለህ ብለው ፈረዱብኝ። ለዘንዶ ካስ ተባልሁ እንግዲህ! አንቺ በሕይወት ብትኖሪ ሳቅሽ ቡሬ ድረስ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ፣ ልገድለው በቆረጥሁበት ቀን፣ ለጋ ቅቤና የቀጥቃጭ ጉጠት ይዤ ዋሻው ገባሁ። ወገቤን በገመድ ታስሬያለሁ፤ ጫፉን ባንቺአምላክና ቄሱ ይዘውታል። ሠላሳ ዓመት አድኜ ዘንዶን ከጦር ጫፍ በቀር እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። አርጅቷል። ቆዳው እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቋል። ግራ ዓይኑ እንደኔው ዳምኗል። አተነፋፈሱ የታመመ ሰው አተነፋፈስ ነው። ቅቤውን ቁስሉ ላይ ስቀባው ገላው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ አፉን ከፈተ፤ ያን ሰዓት ከአንቺ ጋር ዛሬውኑ መገናኘታችን ነው ብያለሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጥጃ ስታስጠቢ በአገውኛ የምታንጎራጉሪያትን ነገር ማንጎራጎር ጀመርሁ። ቃሉን አላውቀውም፣ ዜማውም ሳይጠፋብኝ አልቀረም። ትርጉሙን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም፤ ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ተኝቼ፣ ምን ማለት ነው ብዬ አለመጠየቄ ይቆጨኛል። አፉን መለሰ። ብረቱን በጉጠት ይዤ በአንድ ትንፋሽ ሳብሁት። ወጣ። ሲወጣ ግን ጅራቱን አወናጨፈና ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ፤ አንድ የጎን አጥንቴ ተሰበረ። ባንቺአምላክ እያለቀሰች በገመድ ስትጎትተኝ፣ ተይው ልጄ፣ ካሳውን ነው የተቀበለው አልኋት።

ውኃው በመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ቀላ። በሦስተኛው እንደ አጓት ነጣ። በሳምንቱ ጠራ። ጎኔን በነጠላሽ ጠፍሬ ተኝቼ ሳለ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን በአጭር መንገድ ሞልተው ሲመለሱ በደጄ ሲስቁ ሰማሁ። አሁን ባንቺአምላክ ሥራ ላይ ስትሆን ምንጩን የምለካላት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዤ እወጣለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ ስልክ እደውልላታለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ላይ ሞላ ስላት አባቴ በትክክል ቆጥረዋል ትለኛለች፣ ተንኮለኛ! ይገባኛል፤ ከሷ አፍ ሲወጣ ዝም ብዬ እውጠዋለሁ።

ደግሞ ሌላ አለ። ስልኳን አብርታ ዋሻውን ስታይ ከዘንዶው ሥር ሦስት እንቁላል አገኘች፣ እያንዳንዱ እንስራ የሚያህል። እሱ ስል የኖርሁት ለካ እሷ ናት! በተኛሁበት ሆኜ ያን ጦር ደግሜ ብሰነዝረው ኖሮ ምን እገድል እንደነበር አሰብሁ። አንዱን እንቁላል ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጬዋለሁ፤ ውስጡ ይንኳኳል። ወሬው ሽንዲ ደረሰና ምንጫቸው የደረቀባቸው ሰዎች መጥተው፣ ከሚፈለፈለው አንዱ ወደኛ ይመጣ ይሆን ወይ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። ያቺን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርሁት እኮ፤ ፊታቸውን ያዞሩብኝን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጥሬ ልናገራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። አላልሁም። ከባንቺአምላክ ጋር ሄደን የደረቀውን ምንጭ አየነው፤ ድንጋዩን ስንፈነቅል ሥሩ ርጥብ ነው። ይሆናል አትበሉ፣ አይሆንምም አትበሉ አለቻቸው። ስድስት ምንጭ አለብኝ፣ አንጉዬ። ዕድሜ ከሰጠኝ ስድስቱም ጋ እሄዳለሁ።

ተዝካርሽን ግንቦት ላይ አወጣሁ። ጠዋት ጠጉሬን ተላጨሁ፤ ባንቺአምላክ ጭንቅላቴ እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር ብላ ሳቀችብኝ። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ደሀው በላ፣ ዘመዶችሽም ከአዊም ከፍኖተ ሰላምም መጡ። በየተራ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እህትሽ ትንሽ አስቆየችኝ፤ ይገባኛል፣ ከዚያ አነሣችኝ።

ጠላው ሰው ውስጥ ገባ ገባ ሲል ሽማግሌዎቹ በስሜ ጠርተው፣ ታደገ፣ እንደ ድሮው ፎክር እንጂ አሉኝ። በተዝካር ፉከራ ምንድን ነው ብል ማን ሰምቶኝ፤ ዱላ አስያዙኝና አቆሙኝ። በአገራችን ሰው ሲፎክር በአባቱ ወይም በገደለው እንደሚጠራ ታውቂያለሽ። ሕዝቡ የሽንዲውን ጭራቅ፣ ስድስቱን ዘንዶ ይጠብቃል። ዘራፍ አልሁ። የገደልሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣና አንዱም አልወጣ አለ። አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ሸመገለ፣ ረሳው ሲሉ ይሰማኛል። ከዚያ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ድምፄ ዳሱን ሰነጠቀው።

ዘራፍ! ያንጓች ባል!

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በሚስቱ ስም የፎከረ ወንድ በዚህ አገር ተሰምቶ አያውቅም። አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደድሁ ቀጠልሁ። በታመመችበት ቀን ያልደረሰላት፣ ያንጓች ባል! ይቅር ብላ የሞተችለት፣ ያንጓች ባል! የባንቺአምላክ አባት፣ ያንጓች ባል! እያለቀስሁ ነው የምፎክረው፤ እንዲህ ያለ ፉከራ አይተሽ አታውቂም። ከሴቶቹ በኩል መጀመሪያ እህትሽ፣ ቀጥሎ ባንቺአምላክ፣ ቀጥሎ ሁሉም እልል አሉ። ቄስ ደመላሽ በተዝካር እልልታ የለም ብለው ሊከለክሉ እጃቸውን አነሡና ዓይናቸውን ጠረጉበት።

እንግዲህ ስሜ እሱ ሆኗል። ገበያ ስወጣ ያንጓች ባል መጣ ይሉኛል፤ እየቀለዱ ነው የሚሉት፣ እኔ ግን አቤት እላለሁ። ስምሽ ከኔ ስም በፊት እየተጠራ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ እኖራለሁ። ቀኔ ሲደርስም፣ ከደጅ ቆሞ ማን ልበል የሚለኝ መልአክ ካለ፣ አዳኝ ነኝ አልለውም። ያንጓች ባል ነኝ፣ እሷን ጥራልኝ እለዋለሁ።

ባልሽ